«ሲን»፣ «ሻን» ወይስ «ሾን»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብሊን ነው። ባለቤቴ አይሪሽ ስለሆነ ለልጃችን የአያቱን ስም አወጣንለት። በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን ተብሎ ይጻፋል፤ ኤዋ ላይ ጭረት አለች። እናቴ «ሲን» ብላ ጻፈችው፣ ወንድሜ «ሾን ነው» አለ። የቱ ልክ ነው? ትርጉሙስ?

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። እናትዎን ግን አይቆጧቸው፣ ያሳሳታቸው ፊደሉ ነው። በአየርላንድ ነባር ቋንቋ፣ በአይሪሽ ጌይሊክ፣ «ኤስ» ከ«ኢ» አጠገብ ስትውል «ሽ» ትሆናለች፤ ኢዋ ራሷ አትነበብም። ጭረቷንም አይናቋት፣ ከተነሳች ቃሉ «አሮጌ» ይሆናል።

«የውጭ ስም እንደ ፊደሉ ይገልበጥ» ባዮች አሉ። ታዲያ ተዋናዩን ሾን ቢንን ምን ሊሉት ነው? የሁለቱም ስሞቹ መጨረሻ ያው ሦስት ፊደል፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን ነው፤ አንዱ «ኦን»፣ አንዱ «ኢን» ተብሎ ይነበባል።

ትርጉሙ ቅርባችን ነው፤ ሾን ማለት ዮሐንስ ነው። ዕብራይስጡ ዮሐናን ይለዋል፣ «እግዚአብሔር ቸር ነው» እንደማለት። ከዚያ በግሪክና በላቲን አድርጎ ፈረንሳይ ገባና ዛሬ «ዣን» የምንለው ሆነ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች ከ1169 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ሲወርሩ ስሙም አብሯቸው ገባ፤ አይሪሾቹ መነሻ ድምፁ አልመች ቢላቸው በ«ሽ» ተኩት። ከዚያ በፊት ከላቲን የወሰዱት ሌላ ዮሐንስ ነበራቸው፣ «ኦወን» የሚባል። መጥምቁ ዮሐንስን ዛሬም በእሱ ነው የሚጠሩት። በሰሜን አየርላንድ አነጋገር ደግሞ ሾን «ሼን» ሆኖ ራሱን የቻለ ስም ወጥቶታል።

እኔ ብጠየቅ ለጌይሊኩ ስለሚቀርብ «ሻን» ብዬ በጻፍኩ። ግን ማን ይሰማኛል? ተዋናዩ ሾን ኮነሪ አገሩን ሁሉ «ሾን» አስለምዶት አልፏል።

ካነሱት አይቀር፣ ዮሐንስ የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። የእኛው ስም መጨረሻው «ስ» የግሪክ ናት፤ ግሪክኛው ግን «ሐ»ን የሚጽፍበት ፊደል የለውም፣ ስለዚህ እሷ የሴም ወገን ቅርስ ናት፣ ሐና የሚለው ስም ውስጥ ያለችው ያቺው። «ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ፣ አንድ ሀ ይበቃናል» የሚሉት ይህን ዘር ነው የሚያጠፉት። «ዮሃንስ» ሳይ ዓይኔን ያመኛል። በአማርኛ ድምፁ አንድ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ጋዜጣውም ቴሌግራሙም በ«ሃ» ተሞልቷል፣ የሚመለስም አይመስለኝም።

ስለዚህ «ሾን» ብላችሁ ጻፉት። የክርስትና ስሙ ወልደ ዮሐንስ ከተባለ ግን፣ አደራ፣ በሐመሩ ሐ።