«ልጄን ጡት ላጥባው?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በእርግዝና ክትትል ስመረመር ኤች አይ ቪ በደሜ ተገኘ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ልጄ ነፃ ሆኖ ይወለዳል? ጡትስ ላጥባው? የምኖረው አማቴ ጋ ስለሆነ መድኃኒቱን በርበሬ ዕቃ ውስጥ ነው የምደብቀው። (ከአዳማ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ከበርበሬው አውጪው። በራሱ ዕቃ፣ ተከድኖ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። እኔም አንድ ሰሞን ፍሬዎቹን በመሐረብ ቋጥሬ ጡት መያዣዬ ውስጥ እይዝ ነበር። በላብ ሟሙተው አገኘኋቸው።

መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ቫይረሱ ወደ ልጅሽ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ጤና ተቋም ውለጂ። ለሕፃኑ ቫይረሱን የሚከላከል ሽሮፕ ይሰጡታል፤ በ6 ሳምንቱ ይመረመራል። አዎ፣ አጥቢው! እስከ 6 ወር ጡት ብቻ። አማትሽ ቅቤ ላውጠው ካሉ «ሐኪም ከልክሎኛል» በያቸው።

እኔ በ1994 ስመረመር መድኃኒቱ ለኛ ቢጤ የሚታሰብ አልነበረም። በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ግን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በየዕድሩ፣ በየቡናው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ያሉ ሴቶች ነበሩ። አንዷን ጓደኛዬን አከራይዋ በማግስቱ ዕቃዋን ደጅ አወጡባት። ፍራሿን ተሸክመን እኔ ቤት አስገባነው። በሳምንቱ እንደገና ወጥታ ተናገረች። መቅድምና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበራት የቆሙት እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። እኔም መጀመሪያ አፌን የፈታሁት በሷ ነው።

ለክትትል ስትሄጂ «የእናቶች ድጋፍ ቡድን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ቫይረሱ በደማቸው እያለ ወልደው ያሳደጉ እናቶች ታገኛለሽ። የኔ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ነፃ ነው።