«ይቅርታ ብጠይቅ እናቴን መስደቡ ልክ ነበር ማለቴ አይሆንም ወይ?»

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ካምፕ ውስጥ እየተቀባበልን ነው የምናነበው። ብዙ ጊዜ የሚጽፍልዎ የትዳር ችግር ያለበት ሰው ነው። የኔ የኳስ ነው። የኳስ ብቻ ግን አይደለም።

ዕድሜዬ 23 ነው። በአንድ የሊግ ክለብ የግራ መስመር አጥቂ ነኝ። የክለቡን ስም አልጠራም። ከሦስት ሳምንት በፊት እንደኛው ላለመውረድ ከሚታገል ቡድን ጋር ተጫወትን። የያዘኝ ተከላካይ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ተስፋ ቡድን እያለን በአንድ ክፍል አድረናል፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። አምና እናቴ ስታርፍ ለቅሶ ደርሷል። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ጆሮዬ ሥር ያንሾካሹካል። ስለ እግሬ፣ ስለ ፊርማ ገንዘቤ። ይሄ የተለመደ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አደርገዋለሁ። በ34ኛው ደቂቃ ግን ኮርና እስኪመታ ቆመን ሳለ ስለ እናቴ አንድ ነገር ተናገረ። ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ለማንም አልተናገርኩትም። ኳሱ ገና አልተመታም ነበር። ዘወር ብዬ በቴስታ አልኩት።

ዋናው ዳኛ አላየም። ረዳቱ አይቶ ነገረው። ቀይ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ዲሲፕሊን ኮሚቴው አራት ጨዋታ ቀጣኝ። ክለቤ ደግሞ የአንድ ወር ደሞዜን ሙሉውን ሊቆርጥ ነው። ደብዳቤ አልሰጡኝም፤ ቡድን መሪው በቃል ነው የነገረኝ። በዚያ ላይ በቪዲዮ ተቀርጬ በክለቡ ፌስቡክ ደጋፊውን ይቅርታ እንድጠይቅ ይፈልጋሉ። የምናገረውን ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። «ያለ ምንም ምክንያት» የሚል ቃል አለበት።

ልጆቹም ፊታቸውን አዙረውብኛል። ከኋላዬ የሚጫወተው የግራ ተከላካያችን በዕድሜ ታላቄ ነው፣ ስፈርም ቤቱ ያሳረፈኝ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ላይ ከኔ ጋር አይቀመጥም።

እኔ ይቅርታ አልጠይቅም ብያለሁ። ይቅርታ ብጠይቅ እናቴን መስደቡ ልክ ነበር ማለቴ አይሆንም ወይ? ተሳዳቢው ይጫወታል፤ እኔ ትሪቡን ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ክለቡስ ደሞዜን እንዲህ መቁረጥ ይችላል? አንዳንዴ ውሌን ቀድጄ ልሂድ ይለኛል።

የግራ መስመሩ

መልስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እናትህን ነፍስ ይማር። ልጁ ያለውን አለመጻፍህን ወደድኩት። እኔም አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ስታዲየም ስገባ ቦታዬ ካታንጋ፣ ጩኸተኛው ደጋፊ የሚቀመጥበት ወገን ነበር። እዚያ ሆኜ ስንቱን ተጫዋች ከነእናቱ ሰድቤዋለሁ። በረኛው ኳስ ካመለጠው ከእናቱ ነበር የምንጀምረው። ያ በረኛ ማታ ቤቱ ሲገባ በር የምትከፍትለት እናት እንዳለችው ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። ደብዳቤህን ሳነብ ያ በረኛ ነው ትዝ ያለኝ።

ቀጥሎ የመጣብኝ የፈረንሳዩ ተጫዋች ዚዳን ነው። አንተ በቪዲዮ ነው የምታውቀው፣ እኛ በቀጥታ አይተነዋል። ሐምሌ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በርሊን፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ፈረንሳይና ጣሊያን 1 ለ 1 ናቸው። የፈረንሳይን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው ራሱ ዚዳን ነው። በተጨማሪው ሰዓት፣ 110ኛው ደቂቃ ላይ፣ የጣሊያኑ ተከላካይ ማቴራዚ አንድ ነገር ተናገረው። ዞሮ ደረቱን በቴስታ አለው። እዚያም እንዳንተው ዋናው ዳኛ አላየም፤ አራተኛው ዳኛ ነው የነገረው። ዚዳን ቀዩን አይቶ፣ ዋንጫው የተቀመጠበትን አልፎ ወደ መልበሻ ክፍል ወረደ። ጣሊያን በመለያ ምት 5 ለ 3 አሸነፈች። ከመቺዎቹ መካከል ዚዳን የለም።

ፊፋ በኋላ የሁለቱንም ቃል ሰማ። ዚዳንን 3 ጨዋታና 7,500 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ማቴራዚን ደግሞ 2 ጨዋታና 5,000 ፍራንክ። ተናጋሪውም አላመለጠም፣ ቅጣቱ አነሰለት እንጂ።

ላንተ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዚዳን ከጥቂት ቀናት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ ያዩትን ሕፃናት ይቅርታ ጠየቀ። አልጸጸትም ግን አለ። ከተጸጸትኩ እሱ ያን መናገሩ ልክ ነበር ማለት ይሆናል ብሎ። ያንተ ጥያቄ ማለት ነው፣ ቁርጥ እሱ። ግን ዚዳንን ጠበቃ አድርገህ ከመያዝህ በፊት አንድ ነገር አስብ። ያ ጨዋታ ለዚዳን የመጨረሻው ነበር። ሰኞ ጠዋት ልምምድ አልነበረበትም። አንተ አለብህ። የግራ ተከላካዩም እዚያው ይኖራል።

ሕጉን ታውቀዋለህ፣ ግን ላስታውስህ። የእግር ኳስ ሕግ 12 ለኳስ ባልሆነ ግብግብ ተጋጣሚህን በኃይል ብትመታው ቀይ ነው ይላል። ሞክረህ ብትስተው እንኳ ቀይ ነው። «ኳሱ ገና አልተመታም ነበር» ያልከው ምንም አያተርፍልህም። ኳሱ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ለካርዱ ለውጥ የለውም። ብዙ ተጫዋች የሚዘነጋው ሌላ ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ስድብም በቀጥታ ቀይ ያስወጣል። ስለዚህ ልጁም ሕግ ጥሷል። ችግሩ የሱን ጥፋት ለመያዝ የዳኛ ጆሮ ያስፈልጋል፣ ያንተን ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው አየው። ለሚቀጥለው፣ ሲጀምርህ ለአምበልህ ንገረው፣ አምበልህ ለዳኛው ይንገር። ዳኛው ባያምን እንኳ ከዚያ በኋላ ጆሮውን ወደናንተ ይጥላል። 34 ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለህ አጠራቀምከው።

አሁን ወደ ይቅርታው። የጻፉልህን ወረቀት አታንብብ። «ያለ ምንም ምክንያት» የሚለው ውሸት ነው፣ ካሜራ ፊት ቆሞ መዋሸት ደግሞ ከቴስታው ይብሳል። ይህን ለቡድን መሪው በትህትና ንገረው። የቪዲዮው ነገር ለኔ ፊልም ነው። ደጋፊ ሁለት መስመር ጽሑፍ ይበቃዋል። «ቡድኔን በዐሥር ሰው አስቀርቻለሁ፣ ይቅርታ» በል፣ ሌላ አያስፈልግም። ምክንያትህን ለማንም የመዘርዘር ግዴታ የለብህም።

የቡድን ጓደኞችህን ግን ይቅርታ ትጠይቃለህ። እዚህ ላይ ነው የተምታታብህ። ይቅርታው ለተሳዳቢው መስሎህ ነው የጨነቀህ። እናትህን የሰደባት የግራ ተከላካዩ አይደለም። አምበሉም አይደለም፣ በረኛውም አይደለም። ቀይ የወጣበት ተጫዋች አይተካም። ከ34 እስከ 90፣ 56 ደቂቃ ነው። እነዚያን 56 ደቂቃዎች ታላቅህ የራሱንም ያንተንም መስመር ሲሮጥ ቆየ። ቤቱ ያሳረፈህ ሰው። እሱን ይቅርታ ስትጠይቅ ስለ እናትህ ምንም አላልክም።

ቡድን ምን እንደሚሸከም ለማየት ጥር 2005ን ማስታወስ ነው። ኔልስፕሩይት፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ደርሰን የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ያውም ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር። በረኛችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ የዛምቢያውን ተጫዋች መታው። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ። አንድ የሜዳ ተጫዋች ተቀንሶ ዘሪሁን ታደለ በር ላይ ቆመ። ከዕረፍት በፊት ገባብን። የዐሥር ሰው ቡድን ከዚያ በኋላ ይፈርሳል ብለን ስንጠብቅ፣ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ወጣን። እኔ በነበርኩበት ቤት ያን ማታ ጀማልን በክፉ ያነሳው ሰው አልነበረም። ዐሥሩ ሸፍነውት ነበራ። ተሸንፈን ቢሆን ስሙን ምን እናደርገው እንደነበር አውቃለሁ። ካታንጋ ነበርኩ ብዬሃለሁ። ያንተ ዐሥር ልጆች መሸፈን አልቻሉም፣ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ሰላምታ ያጠረው ለዚህ ነው።

ደሞዙ ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ። ክለብ የዲሲፕሊን ቅጣት መጣል ይችላል፣ ግን በውልህ ወይም ፈርመህ በተቀበልከው የውስጥ ደንብ መሠረት ነው። በቡድን መሪ አፍ አይደለም። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ከመወሰናቸው በፊት ቃልህን ሰምተው እንደሆነም ጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። የተጫዋች ውል በዚህ አዋጅ እንዴት እንደሚታይ ውልህን ይዘህ የሕግ ባለሙያ አማክር። ሙሉ ወር ደሞዝ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ዝም ተብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ይህን ክርክር ግን ከይቅርታው ጋር አታያይዘው። «ደሞዜን ስትመልሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ካልክ ልጆቹን በገንዘብ ለወጥካቸው።

ሌላ፣ አራቱን ጨዋታ ራስህ ቁጠር። ለቡድን መሪው አትተወው። ሰኔ 2005 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ስንጨፍር የመጣውን ወሬ ታስታውሳለህ? ልጅ ነበርክ፣ ግን ሳትሰማ አትቀርም። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ስናሸንፍ፣ በሁለት ቢጫ መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች አሰልፈን ኖሯል። ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ፣ ነጥባችን ሄደ። ያ ልጅ ማንንም አልመታም፣ ማንንም አልሰደበም። ወረቀት ላይ ያለ ቢጫ የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ነው። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት አይችልም። የተላለፈ ጨዋታ ካለባችሁ ከአራቱ ይቆጠር አይቆጠር በጽሑፍ አስጠይቅ።

ውሌን ቀድጄ ልሂድ ላልከው የማንቸስተር ዩናይትዱን አጥቂ ካንቶናን ላንሳልህ። ጥር 1987 ለንደን ላይ ቀይ አይቶ ሲወጣ የሰደበውን ደጋፊ ዘሎ በእግሩ መታ። ስምንት ወር ታገደ፣ ፍርድ ቤት ደግሞ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረደበት። ልጆችን ኳስ ሲያሠለጥን ከረመ። ማንቸስተር ዩናይትድ በዚያ ዓመት ሊጉን በ1 ነጥብ ተነጠቀ። ካንቶናም ሰልችቶት ጥሎ ሊሄድ ሲል አሠልጣኙ ፈርጉሰን ፓሪስ ድረስ ሄዶ መለሰው። መስከረም 1988 ከሊቨርፑል ጋር ሲመለስ ያንኑ ቀን ጎል አገባ። ያንተ አሠልጣኝ ፓሪስ አይሄድም፣ አንተም ካንቶና አይደለህም (አትቀየመኝ)። ግን አሁን ብትሄድ የምትገባበት ክለብ ስለ ቴስታው ብቻ ነው የሚያውቅህ። እዚህ ያሉት ሌላውንም ያውቃሉ። ውል ማፍረስም ካሳ ያስከፍላል። እስከዚያው ልምምድ ላይ ቀድመህ ተገኝ። እርስ በርስ በምትጫወቱት የልምምድ ጨዋታ ላይ የተጋጣሚያችሁን የክንፍ ተጫዋች ሆነህ ተጫወት ቢሉህ ተጫወት።

ጓደኛህን በተመለከተ፣ አሁን አትደውልለት። ንዴትህ ገና ትኩስ ነው፣ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። ተስፋ ቡድን ያሠለጠናችሁ ሰው ካለ ግን ወደሱ ሂድ። ሁለታችሁንም በልጅነታችሁ ያውቃችኋል። ልጁ ምን እንዳለ ለሱ ንገረው፣ ለአንድ ሰው መናገር አለብህ። ከዚያ እሱ እንደ ሽማግሌ ያነጋግረው። የተሸከማትን ሴት እንዲያ የሚል ሰው ሌሊት ይተኛል ብዬ አላስብም። ልሳሳት እችላለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የግራ ተከላካዩ። ነገ ምግብ ላይ እሱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ትሪህን ይዘህ ሄደህ አጠገቡ ቁጭ በል። «በኔ ምክንያት ሁለት ሰው ሆነህ ሮጥክ» በለው። ዝም ካለ አንተም ዝም ብለህ ብላ። ዚዳንን ግን እንዳታነሳበት።