በመሮጫ ማሽን 10 ኪሎ ሜትር፣ በአስፋልት 5፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ውድ እህቴ፣ ጂም ውስጥ በመሮጫ ማሽን 10 ኪሎ ሜትር ሳይከብድዎት እንደሚሮጡ፣ አስፋልት ላይ ሲወጡ ግን አምስቱን መጨረስ እንደሚያቅትዎት ገልጸው፣ ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ያደረጉት ዝግጅት ከንቱ እንዳይሆን መስጋትዎን ጽፈዋል። በሁለቱም ለዓመታት እንደሮጠ ሰው የምነግርዎት፣ ልምምድዎ ከንቱ እንዳልሆነና የጎደለው ማሽኑ ሊያለማምድዎት የማይችለው ክፍል ብቻ እንደሆነ ነው።

ማሽኑ እግርን ስለሚጎትት ሩጫው የውሸት ነው የሚባለውን አልቀበለውም። ቀበቶው ፍጥነቱን ሳይቀያይር እስከዞረ ድረስ እግር የሚሠራው ሥራ መሬት ላይ ከሚሠራው ብዙም አይለይም። በእርግጥ የሚቀረው የአየር ተቃውሞ ነው፤ እሱን ለማካካስ ማሽኑን 1 በመቶ ዳገት ላይ ማድረግ ቢመከርም፣ ተቃውሞው የሚጎላው በፈጣን ሯጮች ላይ በመሆኑ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሮጥ ሰው፣ ያውም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ሆኖ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲያውም ቤት ውስጥ ላብን የሚያደርቅ ነፋስ ስለሌለ ሰውነት ቶሎ ይግላል፣ የልብ ምትም ይጨምራል።

ትልቁ ልዩነት ፍጥነትን በመጠበቅ ላይ ነው። ማሽኑ ላይ አንዴ የተጫኑት ቁጥር እስከ መጨረሻው ይጠብቅዎታል፤ መንገድ ላይ ግን ይህ ሥራ የራስዎ ነው፣ ከጂም ወደ አስፋልት የሚወጡ ሰዎችም ሳይታወቃቸው የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከአቅማቸው በላይ ሮጠው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር የሚችሉበትን ፍጥነት ይያዙ፤ ይህ ለእርስዎ የሚያሳፍር ዝግታ ቢመስልም ትክክለኛው እሱ ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለት ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ዳገት እንጂ ቁልቁለት የላቸውም፤ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ የታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚገታ፣ ያልለመደው ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል። የከተማችን መንገድ ወጣ ገባ በመሆኑ ይህን መዝለል አይቻልም። መጀመሪያ አጭርና ለስላሳ ቁልቁለት መርጠው፣ እርምጃዎን አሳጥረው ይለማመዱ። ቁርጭምጭሚትም ኮብልስቶኑንና የተቆፋፈረውን አስፋልት በዚያው ይለምዳል።

ማሽኑ ላይ የእጅ መደገፊያውን የሚይዙ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይተዉት፤ ክብደትዎን ስለሚሸከምልዎት የሚያዩት ቁጥር እውነተኛ አቅምዎን አይነግርዎትም። የማሽኑ የፍጥነት መለኪያም ሊሳሳት ስለሚችል፣ ቀበቶው ላይ ምልክት አድርገው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩና በቀበቶው ሙሉ ርዝመት ያባዙት።

ከእንግዲህ በሳምንት አንዱን ልምምድ ማለዳ ጃንሜዳ ላይ፣ ሌላውን ዳገትና ቁልቁለት ባለው አስፋልት ላይ ያድርጉ፤ ማሽኑን ለዝናብ ቀንና ለዳገት ልምምድ ያቆዩት።