ከአባቴ የተረፈውን መድኃኒት ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ካረፈ አንድ ወር ሆነው። ቁም ሳጥኑን ስናጸዳ አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት አገኘን። ለስኳሩ የሚወስደው ግሊቤንክላማይድ፣ ኢንሱሊን ከነመርፌው፣ ትራማዶል፣ ጀምሮ የተወው አሞክሳሲሊን። ጎረቤታችን እማማም ስኳር አለባቸው። ልስጣቸው? እህቴ ደግሞ ሽንት ቤት ድፊው ትለኛለች።

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በስንት ብር የተገዛ መድኃኒት መጣል እንደማያስችል አውቃለሁ። ቢሆንም ለእማማ አይስጧቸው። ኢንሱሊን አንዴ ከተከፈተ አብዛኛው ከ4 ሳምንት በላይ አያገለግልም። ያልተከፈተውም ቢሆን መቀመጥ የነበረበት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ክኒኑስ? የእማማ ኩላሊት ደከም ያለ ከሆነ ስኳራቸውን ከልክ በላይ አውርዶ ራሳቸውን እንዲስቱ ሊያደርግ ይችላል።

ከፌስታሉ ውስጥ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኸው ግሊቤንክላማይድ ነው። ከረሜላ መስሎት አንዲት ፍሬ የዋጠ ሕፃን ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ቀጥሎ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ ትራማዶሉ ነው። ሱስ ያስይዛል፤ የሰፈር ወጣቶችን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሽንት ቤት መድፋቱ ይቅር፣ መጨረሻው ወንዝና የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በከሰል ምድጃ ማቃጠልም አይሆንም፤ ጭሱን የምትተነፍሱት እናንተው ናችሁ።

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሄደው ይጠይቁ። ጊዜው ካለፈበት የራሳቸው መድኃኒት ጋር አብረው ሊያስወግዱት ፈቃደኛ ከሆኑ ተገላገሉ። እምቢ ካሉ የቡና አተላ ይያዙ። ቀልዴን አይደለም። ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው ያውጡ፣ ግን አይፍጩ፤ ዱቄቱ ይተነፈሳል። ካፕሱሉንም አይክፈቱ። ከእርጥብ አተላና ከአፈር ጋር ያደባልቁት። ሽሮፕ ካለም እዚያው ላይ ያፍስሱት። ቆሻሻ የሚለቅመው ሰውም ሆነ የሰፈር ውሻ አይቶ እንዳያነሳው ነው ይህ ሁሉ። በድርብ ፌስታል ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፣ ቆሻሻ የሚወሰድበት ዕለት ጠዋት ያውጡት። በዋዜማው በር ላይ አያሳድሩት። ካርቶኑ ላይ ያለውን የአባትዎን ስም ይሰርዙ። ብልቃጡንም እንዳለ ለቆራሌ አይስጡ፤ ሌላ ነገር ተሞልቶበት መልሶ ገበያ እንዳይወጣ።

መርፌው ከዚህ ሁሉ ጋር አይቀላቀልም። ክዳኑን መልሰው ለመግጠም አይሞክሩ፣ ብዙ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። ወፍራም የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፣ በፕላስተር ያሽጉት፣ ላዩ ላይ «መርፌ» ብለው ይጻፉበት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። እነሱ ለመርፌ የተዘጋጀ ሴፍቲ ቦክስ አላቸው።

አርባው ሊደርስ ነው። ለተዝካሩ ዘመድ ከነልጁ ቤቱን ሊሞላው ነውና ፌስታሉ ከዚያ በፊት ይውጣ። እስኪወጣ ድረስ ቁልፍ ያለው ቦታ ያስቀምጡት።