ልብወለድ ለጀመራችሁ፣ ጀምራችሁም ለቆማችሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ ልብወለድ መጻፍ ናቸው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የማታ ተረኛም እሆናለሁ። ደራሲዎች በቀን ስንት ሰዓት ነው ሚጽፉት? እኔ ጊዜ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሚጽፍ ደራሲ በጣም ጥቂት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልብወለዷ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 39 አመቷ ነበር፣ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ በአርታኢነት እየሰራች ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለብቻዋ ምታሳድግ እናት ነበረች፣ ጎህ ሳይቀድ ልጆቹ ሳይነሱ ነበር ምትጽፈው። ግብጻዊው ናጊብ ማህፉዝም ኖቤል ከመሸለሙ በፊት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግስት ሰራተኛ ነበር። ስለዚህ አንቺም ከተረኝነት በወጣሽበት ቀን እንቅልፍሽን ተኚ፣ በዛ ቀን ጻፊ አልልሽም። በሳምንት ሶስት ቀን ምረጪና በእያንዳንዱ አንድ ገጽ ብቻ ጻፊ፣ ባመቱ ከ150 ገጽ በላይ ይሆናል፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ አንደኛውን ምዕራፍ አመት ሙሉ እያስተካከልኩ ነው፣ ሁለተኛው ጋ መድረስ አቃተኝ።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስንቶቻችሁ እንደላካችሁት ብታዩ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ትረዱ ነበር። ወንድሜ፣ መጨረሻውን ሳታውቅ መጀመሪያውን ማስተካከል አትችልም፣ ምክንያቱም ምዕራፍ ሀያ ላይ ስትደርስ ያቺ ገጸ ባህሪ መጀመሪያ ካሰብካት ሌላ ሰው ሆና ታገኛታለህ፣ ያኔ ያ አመት የፈጀህበት ምዕራፍ እንዳለ ይቀየራል ወይ ደግሞ ይወጣል። እስከዛ ወደ ኋላ አትመለስ። የምትቀይረው ነገር ትዝ ሲልህ እዛው የደረስክበት ቦታ ላይ «የአባቷ ስራ ሹፌር ይሁን» ብለህ በቅንፍ ጻፍና ከዛ በኋላ ሹፌር እንደነበረ አርገህ ቀጥል። ሌላው የአሜሪካዊው ደራሲ የሄሚንግዌይ ልማድ ነው፣ ሰውየው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እያወቀ ነበር ሚያቆመው፣ ሀሳቡ አልቆበት ደርቆ አልነበረም፣ እና በነጋታው ሲቀመጥ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ሞክረው፣ በጣም ይሰራል። የመጀመሪያ ድራፍት መጥፎ መሆኑ ምንም ችግር የለውም፣ የተጻፈ መጥፎ ገጽ ይታረማል፣ ያልተጻፈው ግን ምኑ ይታረማል? ሲያልቅ ደግሞ ንግግሮቹን ጮክ ብለህ አንብባቸው፣ የሊስትሮው ልጅና የዩኒቨርሲቲው መምህር እኩል ሚያወሩ ከሆነ ጆሮህ ወዲያው ይነግርሀል። ብዙ የጀማሪ ጽሁፎች ላይ ማየው ችግር ይሄ ነው፣ ሁሉም ሰው እንደ ደራሲው ያወራል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ መምህር ነበርኩ። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ጋሼ፣ በፍጹም! ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፣ ፍቅር እስከ መቃብር የወጣው ደግሞ በ1958፣ አስሉት እስቲ። ከዛ በፊት አርበኛ፣ ጣልያን አገር እስረኛ፣ ከዛም ዲፕሎማት ሆነዋል። እርስዎም ያስተማሯቸውን ልጆችና የኖሩባቸውን ከተሞች ይዘው ነው ሚጀምሩት፣ ይሄ ሀያ አመት ልጅ ጋ የለም።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው ምሰራው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ ላፕቶፕ የለኝም፣ እንደዚህ መጽሐፍ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል የኔ እህት፣ ስልክ በቂ ነው። ጣትሽ ከደከመ የጎግል ኪቦርድ ላይ ማይኩን ነክተሽ በአማርኛ ስታወሪ ይጽፍልሻል፣ ስህተት ቢኖረውም ቆይተሽ ታርሚዋለሽ። ዋናው ነገር የጻፍሽውን በየቀኑ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው፣ ስልክሽ ቢጠፋ ቢሰበር ጽሁፍሽ አይጠፋም። እና ደግሞ ስለምታውቂው ቤት ጻፊ፣ ማድ ቤቱን፣ አርብ ቀንን፣ ለእናትሽ ስትደውዪ ማትነግሪያትን ነገር። እሱን ካንቺ በላይ ሚጽፈው የለም፣ እባክሽ እንዳታቆሚ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ለማን ላሳይ?

መልስ፦ ብዙ ለሚያነብ አንድ ሰው። «አሪፍ ነው?» ብለህ አትጠይቀው፣ «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በለው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ብለቀው ይሰርቁኛል?

መልስ፦ ኮፒ አርገው ስምሽን አጥፍተው ሚለጥፉ አሉ፣ አልዋሽሽም። ግን የኢትዮጵያ የቅጂ መብት ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ስራው ተፈጥሮ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅሻል፣ ባለመብት ለመሆን መመዝገብ አይጠበቅብሽም፣ የኢኮኖሚ መብቱም (ከስራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ) ካንቺ ሞት በኋላ ለ50 አመት ለወራሾችሽ ይቆያል። ክርክር ቢመጣ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ድራፍቶችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣንም ሄደሽ ብታስመዘግቢ ጥሩ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ጨርሰሽ ልቀቂው፣ በየክፍሉ ኮሜንት እያየሽ ከጻፍሽ ታሪኩን አንባቢው ወደፈለገው ይወስድብሻል፣ መጨረሻ የሌላቸው ስንት ጥሩ ታሪኮች አሉ ቴሌግራም ላይ።