አከራይ «እንግዳ እንዳያድር» ማለት ይችላል ወይ? በፔዳ አካባቢ ለተከራየችው ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብሁት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አቅራቢያ አንዲት ሰርቪስ ክፍል በቃል ስምምነት ተከራይተሻል፤ እናትሽ ከገጠር መጥተው ሁለት ሌሊት ስላደሩ አከራይሽ ሁለት መቶ ብር ጨምረሽ እንድትከፍዪና ከእንግዲህ ማንም እንዳያድር አዝዘውሻል፤ ይህን የማለት መብት አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። በዚሁ በባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 ውስጥ በሦስት ግቢዎች እየተዘዋወርሁ አራት ዓመት የተከራየሁ ሰው ነኝና ያየሁትንና ኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን እነግርሻለሁ።

የተከራየሽው ክፍል፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኖሪያሽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን፣ በሕግ ከተፈቀደው ሁኔታ በቀር ማንም ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሊገባበት እንደማይችል ይደነግጋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያረጋግጣል። እነዚህ ድንጋጌዎች እንግዳን በስም አያነሡም፤ ነገር ግን ቤቱ መኖሪያሽ ከሆነ በውስጡ ቡና አፍልተሽ ማንን እንደምትጠሪ የመወሰኑም ነገር የአንቺ ነው ብዬ አምናለሁ። የግቢው በር፣ ሽንት ቤቱና ቧንቧው ግን የጋራ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ አከራይሽም ሆኑ ሌሎቹ ተከራዮች የሚናገሩት አላቸው። (የዩኒቨርሲቲ ዶርም የራሱ ደንብ ስላለው እዚህ ውስጥ አላስገባውም።)

ይህን ልዩነት የተማርሁት በክፉ አጋጣሚ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ለፈተና ከዳንግላ መጥቶ እኔ ዘንድ አደረ። በማግስቱ ወደ ትምህርት ከሄድሁ በኋላ አከራዬ በትርፍ ቁልፋቸው ከፍተው ገቡና ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ የተኛውን ልጅ «አንተ ማነህ?» ብለው ቀሰቀሱት። ስመለስ ጫማውን ሳያስር፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አከራዬ «ቤቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። እንግዳው ማን እንደሆነ መጠየቃቸውን ዛሬም አልቃወምም፤ ግቢያቸው ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ ይገባቸዋል። ያለ እኔ ፈቃድ ከፍተው መግባታቸው ግን ፈጽሞ አልተገባም ነበር። ሆኖም የማሳየው ወረቀት ስላልነበረኝ፣ ሽማግሌ ይዤ ብሄድም «ምን ተዋውላችሁ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አጣሁና በወሩ መጨረሻ ለቀቅሁ።

በሚቀጥለው ግቢ አባቴ ለሕክምና ሲመጣ አስቀድሜ ወደ አከራይቱ ሄድሁና «እትዬ፣ አባቴ ሊታከም ይመጣል፤ እስኪጨርስ እኔ ጋ ያድራል» አልኋቸው። የመታወቂያውን ኮፒ ጠየቁኝ፤ ሰጠሁ። «የውኃውን ነገር ግን አስብበት» አሉኝ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ሁላችንም ከአንድ ሰማያዊ በርሜል ነበር የምንቀዳው፤ አባቴ ማታ ማታ እግሩን ሲታጠብ እትዬ ከበረንዳቸው ሆነው የበርሜሉን ጉድለት በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ዘጠኝ ሌሊት አደረ። በወሩ መጨረሻ የውኃ ሒሳቡ ላይ የጨመረውን እኔ ከፈልሁ፤ ተጨማሪ ኪራይ ግን አልተጠየቅሁም። እንዲያውም በስምንተኛው ቀን አጥሚት ሠርተው ላኩለት።

ከዚህ የምረዳው ብዙው የእንግዳ ጠብ በእውነቱ የውኃ፣ የመብራትና የበር መዝጊያ ሰዓት ጠብ መሆኑን ነው። ሌላው የአከራዮች ሥጋት ደባል ነው። ለሳምንት መጣ የተባለው ጓደኛ ልብሱን ሰቅሎ፣ ምጣዱን አምጥቶ፣ ኪራዩን ከአንቺ ጋር እኩል መክፈል ከጀመረ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ አከራይሽ «አንድ ሰው ነበር ያከራየሁት» ቢሉ እውነት አላቸው። የእናትሽ ሁለት ሌሊት ግን ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

«ወንድ አይገባም» ወይም «ከሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚሉትም ቢሆኑ፣ ስትከራዪ ተነግሮሽ ተስማምተሽ ከሆነ ባትወጂውም ቃልሽ ነው፤ በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራልና። ከገባሽ በኋላ የመጣ ትእዛዝ ከሆነ ግን አንድ ወገን ብቻውን ውሉን መለወጡ ነው።

ስለዚህ የቃሉን ስምምነት ወደ ወረቀት ለውጪው። እኔ በተከራየሁበት ዘመን ያልነበረው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ አፈጻጸሙን ከክፍለ ከተማሽ ጠይቂ። ስለ እንግዳ ግን ራሳችሁ ብትጽፉበት ይሻላል። እኔ በሦስተኛው ግቢ ያስገባሁት ሐረግ ይህን ይመስል ነበር፦ «ተከራይ ቀን እንግዳ ሊቀበል ይችላል። የሚያድር እንግዳ ሲኖረው አስቀድሞ ያሳውቃል። በወር ከአምስት ሌሊት እስካልበለጠ ተጨማሪ ኪራይ አይጠየቅም፤ የውኃና የመብራት ጭማሪ ቢኖር በቆጣሪው ንባብ ይታሰባል። አከራይ ያለ ተከራዩ ፈቃድ ወደ ክፍሉ አይገቡም።» ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት፤ አንዱ ኮፒ እኔ ዘንድ ቀረ።

ሁለት መቶ ብሩን በተመለከተ፣ አስቀድማችሁ ያልተስማማችሁበት ኪራይ ስለሆነ የመክፈል ግዴታ ያለብሽ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ግን ባዶ እጄን እንቢ አልልም፤ ቀን በፀጥታ ሄጄ፣ የወሩ የውኃ ቢል ሲመጣ የእናቴን ድርሻ እንደምከፍል ነግሬ፣ ያንኑ ዕለት ውሉን እንድንጽፈው እጠይቃቸዋለሁ።