ጋዝ ከማስሞላትሽ በፊት በረዶውን እዪው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትኖር አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ «ጋሼ፣ ፍሪጄ ሁለት በር ያለው ኖ ፍሮስት ነው። ላይ ፍሪዘሩ ከአሞራ ገደል የማመጣውን ዓሣ ድንጋይ ያደርገዋል። ታች ግን ወተት አያድርም፣ ጎመኑም ይጠወልጋል። ሁለት ቀን ነቅዬ ሳበራው ሳምንት ያህል ደህና ይሠራና ተመልሶ ያው ይሆናል። የመጣው ባለሙያ ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ አለኝ። ላስሞላ?»

ቆዪ፣ አታስሞዪ። መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ ሁለት ቀን ስላረፈ ጋዝ አይጨምርም። ነቅለሽ ስትመልሺው የሚድን ከሆነ በሽታው ያልሟሟ በረዶ ነው። እንዲህ ያሉ ፍሪጆች ያለ ጥፋታቸው ቱቧቸው ተቆርጦ ጋዝ ሲሞላባቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ገንዘቡ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ወተቱ እንደገና ይበላሻል።

ኖ ፍሮስት ማለት በረዶ አይሠራም ማለት አይደለም። ይሠራል፣ ግን አንቺ ሳታዪው ራሱ ያሟሟዋል። ከፍሪዘሩ የኋላ ክዳን ጀርባ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ያሉት ማቀዝቀዣ አለ። ፋኑ አየሩን በክንፎቹ መሃል ይስብና ከፊሉን ለፍሪዘር፣ ከፊሉን በቀዳዳ ወደ ታች ይልካል። እንዳንቺ ባለ ፍሪጅ የታችኛው ክፍል የራሱ ማቀዝቀዣ የለውም። የሚኖረው ከላይ በሚወርድለት አየር ነው። ክንፎቹ በበረዶ ሲደፈኑ አየሩ መንገድ ያጣል። ፍሪዘሩ ከበረዶው አጠገብ ስለሆነ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ታች ይሞቃል። ያንቺ ፍሪጅ ታሪክ ይሄው ነው።

በረዶውን የማሟሟቱ ሥራ የሦስት ዕቃዎች ነው። ታይመሩ እንደ ሥሪቱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በሠራ ቁጥር ሞተሩን ያቆምና ሂተሩን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያበራል። ሂተሩ በረዶውን ያቀልጣል። ባይሜታል የሚባለው ትንሽ ቴርሞስታት ደግሞ በረዶው አልቆ ሙቀቱ 10 ዲግሪን አለፍ ሲል ሂተሩን ያጠፋል። ውሃው በፍሳሽ ቱቦ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ወዳለው ሳህን ይወርድና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ከሦስቱ አንዱ ሲሞት በረዶው በየቀኑ ይደራረባል። በሳምንት ገደማ መንገዱ ይዘጋል። «ሳምንት ይሠራል» ያልሽው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀዪ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሂተሩ የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። ፍሪዘሩን ባዶ አድርጊና የኋላ ክዳኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቺ። ክዳኑ በበረዶ ተጣብቆ እንቢ ካለ አትታገዪው፣ መጀመሪያ ይሟሟ። ከወጣልሽ ግን በረዶውን ከማሟሟትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ይህ ፎቶ ከማንም ግምት ይበልጣል። በረዶው ማቀዝቀዣውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሸፈነው፣ ጥፋቱ የማሟሟቱ ሥራ ላይ ነው። በረዶው መግቢያው ቱቦ አካባቢ ብቻ ተሰብስቦ ሌላው ክንፍ ራቁቱን ከሆነ፣ ያኔ የጋዝ ጥርጣሬ ልክ ነው። የጋዝ መፍሰሻው ሳይገኝ መሙላት ግን ያኔም ከንቱ ነው።

በረዶውን በቢላ ወይም በካቻቢቴ አትንኪ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስላየሁት ነው። መነኻሪያ አካባቢ አንድ ቤት ልጁ እናቱን ሊያግዝ ብሎ በቢላ ሲፈለፍል አሉሚኒየሙን በሳው። ጋዙ «ሽሽሽ» ብሎ አለቀ። በነፃ የሚስተካከለው ነገር ማቀዝቀዣ እስከመቀየር ደረሰ። ከሰልም አታቅርቢ። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች አር 600 ኤ የሚባል ጋዝ አላቸው፣ እሱ ደግሞ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። በሮቹን ከፍተሽ፣ ፎጣ አንጥፈሽ 24 ሰዓት ተዪው። ከቸኮልሽ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጪ። የፈላ ውሃ ግን ፕላስቲኩ ላይ አታፍስሺ፣ ይሰነጠቃል።

ሲሟሟ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለችውን የፍሳሽ ቀዳዳ ፈልጊ። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያልሽ አፍስሺባት። ውሃው ከኋላ ሳህኑ ላይ ከወረደ ጥሩ። ካልወረደ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ እየገፋሽ ክፈቺው። ቱቦው ከተደፈነ ሂተሩ ደህና ሆኖም የቀለጠው ውሃ እዚያው ይጋገራል። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ይቋጠርብሽ ከነበረ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ከዚያ ክዳኑን ግጠሚና ፍሪጁን አብሪው። ታይመሩን ግን በዚያው ቀን አትሞክሪ። ባለሙያዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ሞቅ ባለበት ሰዓት ባይሜታሉ መስመሩን ስለሚያቋርጥ ሂተሩ ደህና ቢሆንም አይሠራም፣ «ሂተሩ ሞቷል» ተብሎ በከንቱ ይቀየራል። በማግስቱ ፍሪዘሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ሞክሪ። ታይመሩ ወይ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ነው፣ ወይ ውስጥ ከቅዝቃዜ ማስተካከያው ሳጥን ጀርባ። መሃሉ ላይ የካቻቢቴ መግቢያ አለው። ሽቦ ያለበትን ቦታ ሳትነኪ «ቀጭ» እስኪል ወደ ቀኝ አዙሪው። ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጆሮሽን ጣይ። ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማሽ ሂተሩና ባይሜታሉ ደህና ናቸው፣ ራሱ መዞር ያቃተው ታይመሩ ነው ማለት ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ይቀየራል። ምንም ካልሰማሽ ሂተሩን ወይም ባይሜታሉን ጠርጥሪ። በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚሠሩት ታይመር የላቸውም። እነሱን ሴንሰሩን መለካት ለሚችል ሰው ተዪለት።

ባለሙያው ሲመጣ አጠገቡ ቁሚና በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ሲለካ እዪ። ሂተሩ ላይ የተጻፈው 150 ዋት ከሆነ 320 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ባይሜታሉን ፈትቶ በፌስታል ጠቅልሎ ጨው የተነሰነሰበት በረዶ ውስጥ ይክተተው። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለበት። ባዶ በረዶ 0 ዲግሪ ስለሆነ አንዳንዱ በእሱ ብቻ መስመሩን አያገናኝም፣ ጨው የሚጨመረው ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መብራት። ማታ ማታ ቮልቱ ወደ 180 ከወረደ የ150 ዋቱ ሂተር የሚሰጠው 100 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖም በረዶው ሳያልቅ ሰዓቱ ያልፋል። መብራታችሁ ማታ የሚደክም ከሆነ ዕቃ ከመቀየርሽ በፊት ስታብላይዘር አስቢ።

በሩንም አትርሺ። ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር አየር እርጥበቱ ብዙ ነው፣ ጎማው ከላላ ያ ሁሉ እርጥበት ገብቶ በረዶ ይሆናል። የብር ኖት በሩ ላይ ዝጊበትና ሳቢው። ሳይይዘው ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ ይተነፍሳል። ጎማውን በሳሙናና በለብታ ውሃ እጠቢው፣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ወጥ ሳይበርድና ሳይከደን አታስገቢ፣ ተኑ በሙሉ ማቀዝቀዣው ላይ ነው የሚያርፈው።

ነጠላ በር የድሮ ፍሪጅ ላላችሁ ግን ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። እሱ በረዶ መሥራቱ ጤናው ነው። ግማሽ ሴንቲ ሲደርስ ነቅሎ ማሟሟት ብቻ።

ፎቶውን አንሺና ያየሽውን ጻፊልኝ፣ እህቴ። ታይመሩን ስታዞሪ የሰማሽውንም አትርሺ።